«በሩን ቆልፌዋለሁ?» ወስዋስን ቫይታሚን ያድነዋል ወይ?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ለዛሬ መርጠነዋል። የመረጥነውም የአንድ ሰው ችግር ብቻ ስላልሆነ ነው። በየቤቱ «ወስዋሳ» እየተባለ የሚሳቅበት፣ ግን ውስጥ ውስጡን ወጣቱን የሚጨርስ በሽታ አለ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ቀንሰን ደብዳቤዋን እነሆ ብለናል።

«ውድ የዚህ ዓምድ አዘጋጆች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ የ24 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው አዲስ አበባ ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሥራ ተቀጥሬ እሠራለሁ።

«ችግሬ የጀመረኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ላይ እያለሁ ነው። ቤት ቆልፌ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ‹ቆልፌዋለሁ? ካውያውን ነቅዬዋለሁ? ቡታጋዙንስ?› የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። መቆለፌን አውቃለሁ እኮ! ግን ልቤ አያምንም። ‹ወራጅ አለ!› ብዬ እመለሳለሁ። በሩን ሰባት ጊዜ እጎትታለሁ፤ ቁጥሩ ከተምታታብኝ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። በስልኬ ፎቶ ማንሳት ጀምሬ ነበር፤ በኋላ ግን ፎቶውንም መጠራጠር ጀመርኩ። እጄን በበረኪና ስታጠብ ቆዳዬ ተሰነጣጥቋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ለመናገር የማልደፍረው ክፉ ቃል በአእምሮዬ መምጣቱ ነው። ያን ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

«እናቴ ጸበል ወሰደችኝ፤ ለሁለት ሳምንት ቀለል ብሎኝ ተመለሰ። የንስሐ አባቴ ራሳቸው ‹ልጄ፣ ሐኪምም ይይሽ› ስላሉኝ ሄድኩ። ሐኪሙ ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒት አዘዘልኝ። አምስት ሳምንት ዋጥኩት። ማቅለሽለሽ እንጂ ለውጥ አላየሁበትም።

«በዚህ መሐል ቨርጂኒያ ያለች የአክስቴ ልጅ ደወለች። ‹ያ መድኃኒት ያደነዝዝሻል፣ ጣይው! ያንቺ ችግር ሜቲሌሽን ነው፤ ጂንሽ ነው› ብላ ሰው ሲመጣ ሦስት ብልቃጥ ቫይታሚን ላከችልኝ። መድኃኒቱን ትቼ ቫይታሚኑን ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደመብረር አደረገኝ፣ ዳንኩ ብዬ አለቀስኩ። አሁን ግን እንቅልፍ የለኝም፣ ልቤ ይመታል፣ የእግሬን ጣቶች ይነዝረኛል። ወስዋሱም ብሶበታል። የአክስቴ ልጅ ‹መጠኑ አንሶሽ ነው፣ እጥፍ አድርጊው› ትላለች።

«በማርፈዴ ምክንያት ከመሥሪያ ቤት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ሠርጌ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እጮኛዬ ግን ምንም አያውቅም። ቫይታሚኑን ልቀጥል? እጥፍስ ላድርገው? ለእጮኛዬስ ልንገረው ወይስ ልደብቀው? እባካችሁ መልሱልኝ።»

የጨነቀኝ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህታችን፣ በመጀመሪያ ይህን ሁሉ በግልጽ ስለጻፍሽልን እናመሰግናለን። ለሰው መናገር ያቃተሽን ነገር ወረቀት ላይ ማስፈርሽ ራሱ ግማሽ መንገድ ነው። ዋናውን መልስ አስቀድመን እንንገርሽ። እጥፍ አታድርጊው! ቀሪውን ደግሞ አንድ በአንድ እንየው።

አላበድሽም፣ አልተረገምሽምም

የያዘሽ በሽታ በሕክምናው ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ ባጭሩ ኦሲዲ ይባላል። ከ100 ሰዎች መካከል ሁለቱ ያህል በሕይወት ዘመናቸው ይይዛቸዋል። ብዙ ጊዜም የሚጀምረው ልክ እንዳንቺ በጉርምስናና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። እኛ አገር ወስዋስ የምንለው ይህንኑ ነው። ሙስሊም እህት ወንድሞቻችንም «ውዱዬ ተበላሸ» እያሉ ደጋግመው ሲታጠቡ የሶላት ሰዓት የሚያልፍባቸው አሉ። በሽታው ሃይማኖት አይለይም፤ ሰው በጣም የሚሳሳለትን ነገር እየፈለገ እዚያው ላይ ይመጣል። ቤቱን ለሚወድ በእሳት፣ ንጽሕና ለሚወድ በጀርም፣ አምላኩን ለሚፈራ ደግሞ በስድብ ሐሳብ ይመጣበታል። ቅዳሴ ላይ የሚመጣብሽ ቃል ያንቺ ፍላጎት ቢሆን ኖሮ ባላስጨነቀሽ ነበር። መጨነቅሽ ራሱ ያንቺ አለመሆኑን ይመሰክራል።

አሠራሩን እይው። መጀመሪያ ሐሳቡ ይመጣል፤ ሐሳቡ ጭንቀት ይወልዳል፤ ጭንቀቱን ለማብረድ በሩን ትጎትቻለሽ፤ ትንሽ ቀለል ይልሻል። አእምሮሽም «አሃ! የዳንኩት ስለጎተትኩ ነው» ብሎ ይማራል። በማግስቱ ሰባቱ ዘጠኝ ይሆናል። ወስዋስ ማለት ቀለብ በሰጠሽው ቁጥር የሚጠነክር እንግዳ ነው።

ለመሆኑ ሜቲሌሽን ምንድን ነው?

የአክስትሽ ልጅ ከባዶ አልተነሳችም። ሜቲሌሽን እውነተኛ ነገር ነው። በሰውነታችን ውስጥ ሜቲል የምትባል፣ ከአንድ ካርቦንና ከሦስት ሃይድሮጅን የተሠራች ትንሽ ቁራጭ አለች። ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሌላው በቅብብሎሽ ትተላለፋለች። በደረሰችበት ሁሉ ሥራ አላት፤ አንዳንዱን ጂን ታስተኛለች ወይም ትቀሰቅሳለች፣ የአንጎል ኬሚካሎች ሲሠሩና ሲወገዱ ታግዛለች፣ የነርቭ ሽፋን እንዳይላላጥ ትረዳለች።

ቢ ቫይታሚኖች የዚህ ቅብብሎሽ ሠራተኞች ናቸው። ፎሌት ማለትም ቢ9 ሜቲሏን ተሸክሞ ያመጣል፤ ቢ12 ይቀበልና ሆሞሲስቲን ለሚባል ንጥረ ነገር ያስረክባል። ሆሞሲስቲንም ተለውጦ ለሰውነት የሚጠቅም ሜቲዮኒን ይሆናል። ቢ6 ደግሞ የተረፈውን ሆሞሲስቲን በሌላ በር ያስወጣል። ከሠራተኞቹ አንዱ ከቀረ ሥራው ይቆማል፣ ሆሞሲስቲንም ደም ውስጥ ይከማቻል።

«ጂንሽ ነው» የተባልሽው ኤምቲኤችኤፍአር ስለሚባለው ጂን መሆን አለበት። ፎሌትን ለሥራ የሚያዘጋጀው ኢንዛይም የሚሠራበት ጂን ነው። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው የዚህ ጂን ለየት ያለ ዓይነት አለው፣ አብዛኛውም ጤነኛ ሆኖ ይኖራል። ልዩ ቫይታሚን ያስፈልጋል የሚለውም ቢሆን፣ የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ይህ ዓይነት ጂን ያላቸው ሰዎች ተራውን ፎሊክ አሲድ ጨምሮ ማንኛውንም ፎሌት መጠቀም እንደሚችሉ ይገልጻል። ደግሞስ፣ ያንቺን ጂን ማን መረመረውና?

ታዲያ ወስዋስን ያድናል?

ሐቁን እንነጋገር። ኦሲዲ ባላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች፣ ከፊሎቹ ታማሚዎች ቢ12 አንሷቸው ወይም ሆሞሲስቲን በዝቶባቸው አግኝተዋል። የቢ12 እጥረታቸው ሲታከም ወስዋሳቸው አብሮ የለቀቃቸው ሰዎች ታሪክም በሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ስለዚህ እጥረት ካለ መታከሙ ግድ ነው። ነገር ግን ጎደሎ መሙላት አንድ ነገር ነው፣ የሞላው ላይ መጨመር ሌላ። እጥረት ለሌለበት ሰው ቢ ቫይታሚን ኦሲዲን እንደሚፈውስ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። የሞላ እንስራ ላይ ውኃ ብትጨምሪ መሬቱ ይርሳል እንጂ እንስራው አይረዝምም።

አንድ ምሳሌ እንስጥሽ። ድሮ ከቢ ቫይታሚን ወገን ይቆጠር የነበረ፣ አሁን ግን ቫይታሚን የማይባል ኢኖሲቶል የሚባል ነገር አለ። በ1996 እ.ኤ.አ. እስራኤል ቤርሼባ ያሉ ተመራማሪዎች ለ13 የኦሲዲ ታማሚዎች በቀን 18 ግራም ለስድስት ሳምንት ሰጥተው ከማስመሰያው የተሻለ ሆኖ አገኙት። ብዙዎች እልል አሉ። በ1999 እ.ኤ.አ. በዚያው ቡድን ውስጥ ያሉ ሰዎች በ10 ታማሚዎች ላይ ከተለመደው መድኃኒት ጋር ደርበው ሲሞክሩት ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። አየሽ፣ በ13 ሰው የተገኘ ተስፋ በቂ አይደለም። አንቺን ያስጀመረሽ ደግሞ 13 ሰው እንኳ አይደለም፣ አንድ የስልክ ጥሪ ነው።

የጣቶችሽን መንዘር አትናቂው!

ከደብዳቤሽ ያስደነገጠን ይህ ነው። ብልቃጡን አምጪና የቢ6ን መጠን አንብቢ፤ ፒሪዶክሲን ተብሎም ሊጻፍ ይችላል። አንድ ወጣት በቀን የሚያስፈልገው ቢ6 1.3 ሚሊግራም ገደማ ነው። ገበያ ላይ ግን በአንድ እንክብል 50 ወይም 100 ሚሊግራም የያዙ አሉ። መቶው ከሚያስፈልግሽ ከ70 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው! ቢ6 ሲበዛና ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል፤ የሚጀምረውም በእግርና በእጅ ጣቶች መንዘርና መደንዘዝ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ ከፍተኛውን መጠን በቀን 12 ሚሊግራም አድርጎታል። በአሜሪካ ያለው ጣሪያ 100 ሚሊግራም ነው፤ አንቺ እጥፍ ብታደርጊው ይህንንም ልታልፊው ትችያለሽ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ግን የቢ12 እጥረትም ልክ እንደዚሁ ጣት የሚነዝር መሆኑ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከቤት ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም፣ እኛም ከዚህ ሆነን አናውቅም። ሐኪም ይለየው። ብልቃጦቹን በፔስታል አድርገሽ ይዘሽ ሂጂ። ቫይታሚን እየወሰድሽ መሆኑን ካልተናገርሽ የደም ምርመራው ቢ12 ሞልቶ ያሳይና ድሮ እጥረት እንደነበረብሽ ሊሰወር ይችላል። ሌሎቻችሁም አንባቢያን፣ የቢ12 ምርመራ የሚደረገው ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ነው። ፎሊክ አሲድን ብቻውን በብዛት መውሰድም አደጋ አለው፤ የደም ማነሱን ያስተካክልና የቢ12 እጥረቱ ነርቭን ተደብቆ እንዲጎዳ ያደርጋል።

የእንቅልፍ ማጣቱና የልብ ምቱም ከእንክብሉ፣ ከሕመሙ ወይም ከሌላ ነገር ሊመጣ ይችላል። እሱንም ለሐኪምሽ ሳትደብቂ ንገሪ።

ቢ12 የሚያንሰው ማን ነው?

ቢ12 በሥጋ፣ በጉበት፣ በዓሣ፣ በእንቁላልና በወተት ውስጥ ይገኛል። ሽሮም ሆነ ጎመን አይተኩትም። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ሞልቶ የሚገኝባቸው ፎሌት ነው። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጾም ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ከቢ12 ምንጮች ይርቃል ማለት ነው። ይህን ስንል ጾምሽን ተዪ ማለታችን አይደለም። ጉበታችን ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ያከማቻል፤ በፍስኩ ወቅት ደህና የሚበላ ሰው በጾም ብቻ ቶሎ አይጎዳም። ችግሩ የሚመጣው በፍስኩም ሥጋና ወተት በኑሮ ውድነት ምክንያት ሲቀር፣ ጨጓራው የቆሰለ ሰው ከምግቡ መውሰድ ሲያቅተው፣ ወይም እንደ ኦሜፕራዞልና ለስኳር እንደሚታዘዘው ሜትፎርሚን ያሉ መድኃኒቶች ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ነው። ከእነዚህ አንዱ ካለብሽ አስመርምሪ። አንሶሽ ከተገኘ መርፌም ክኒንም አለ። በክኒን መልክ የሚሸጠው ቢ12 በባክቴሪያ አማካኝነት የሚመረት እንጂ ከሥጋ የሚወጣ አይደለም።

የሚያድነውስ ምንድን ነው?

ሁለት የተፈተኑ መንገዶች አሉ። አንደኛው አንቺ በአምስተኛው ሳምንት የጣልሽው ነው። እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ለኦሲዲ ሲሰጡ ውጤታቸውን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ መጠናቸውም ለድብርት ከሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ማቅለሽለሹ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ከዚያ ይቀንሳል። አንቺ ያቆምሽው እንግዲህ ጎንፎው ሊበስል ሲል እሳቱን አጥፍተሽ ነው። አንዱ መድኃኒት ካልተስማማ ሌላ አለ። ብቻ በራስሽ አትጀምሪ፣ በራስሽም አታቁሚ፤ ወዳዘዘልሽ ሐኪም ተመለሺ።

ሁለተኛው የንግግርና የልምምድ ሕክምና ነው። መሠረቱን በ1966 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ሜየር የተባለ ለንደን ይሠራ የነበረ ባለሙያ ጣለው። አሠራሩ ሲነገር ቀላል፣ ሲሠራ ከባድ ነው፤ የሚያስጨንቅሽን ነገር ትጋፈጫለሽ፣ ማብረጃውን ግን አታደርጊም። ለምሳሌ በሩን አንድ ጊዜ ትቆልፊና ትሄጃለሽ። ጭንቀቱ ይወጣል፣ ይወጣል... ላብ ያሰምጥሻል። አትመለሺም። ጭንቀት እንደ ዳገት ነው፣ ጫፍ አለው፤ ከዚያ በራሱ ይወርዳል። አእምሮሽም በሩን ሳትጎትቺ ቤቱ እንዳልተቃጠለ ይማራል። ከቀላሉ ይጀመራል፤ ከሰባቱ ወደ አምስት፣ ከአምስቱ ወደ ሁለት፣ ከሁለቱ ወደ አንድ። በባለሙያ እየታገዙ ማድረጉ ይመረጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ከአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሌላ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጡ ሆስፒታሎችና የግል ክሊኒኮች አሉ። «አማኑኤል ሄደች» መባልን አትፍሪ። ለጥርስ ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው አያፍርም፤ ለሐሳብ መሄድ ምን ነውር አለው?

አንድ ነገር ለእናትሽ

እናትሽ ይህን ጋዜጣ ቢያነቡት ደስ ይለናል። እናታችን፣ ልጅዎ «ቆልፌዋለሁ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ «አዎ ቆልፈሻል» እያሉ የሚያጽናኑት በፍቅር መሆኑን እናውቃለን። ግን ያም መልስ ለወስዋሱ ቀለብ ነው። አሥር ጊዜ ቢመልሱ አሥራ አንደኛውን ትጠይቃለች። ከእሷ ጋር አስቀድመው ተስማሙና «ልጄ፣ ይህ ወስዋሱ ነው የሚጠይቀኝ፤ እሱን አልመልስም፣ አንቺን ግን አብሬሽ ነኝ» ይበሏት። መቆጣትና ማሾፍ ግን አይረዳም። ጸበሉንም ቢሆን ከሐኪሙ ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፤ የንስሐ አባቷም ያሉት ይህንኑ ነው።

ለእጮኛሽስ?

ንገሪው። ለሠርግሽ ስትይ ሳይሆን ከሠርግሽ በኋላ ስላለው ኑሮ ስትይ። አብሮሽ የሚኖር ሰው በሩን ስትጎትቺ፣ ሌሊት ተነስተሽ ቡታጋዝ ስታዪ ማየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ከሚደርስበት አሁን ካንቺ አፍ ይስማው። የአእምሮሽን ክፉ ቃላት አንድ በአንድ መዘርዘር አይጠበቅብሽም። «ኦሲዲ የሚባል በሽታ አለብኝ፣ የሚታከም ነው፣ ሕክምናም ልቀጥል ነው» በይው። ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። የሚወድሽ ከሆነ የመጀመሪያው ጥያቄው «እንዴት ልርዳሽ?» ነው የሚሆነው። ካልሆነም ከሠርጉ በፊት ማወቁ ይሻላል።

ከሠርግሽ በኋላ ልጅ የምታስቢ ከሆነ ደግሞ ያ የተወራለት ፎሊክ አሲድ በእርግጥ የተፈተነበት ቦታ አለው። ለማርገዝ ያሰበች ሴት ቢያንስ ከወር በፊት ጀምራ በቀን 400 ማይክሮግራም ብትወስድ የጽንሱ ጀርባና ጭንቅላት በደንብ ሳይዘጋ እንዳይወለድ ይከላከላል። ይህ እርግጥ ነው። የመድኃኒትሽንም ነገር ከማርገዝሽ በፊት ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።

እንግዲህ የዚህ ሳምንት ሥራሽ ይህ ነው፦

1. ሦስቱንም ብልቃጥ አቁሚ፤ ይዘሻቸውም ሐኪም ጋ ቅረቢ። የጣትሽን መንዘር በመጀመሪያ ተናገሪ።
2. ፍሉኦክሰቲኑን መቼ እንዳቆምሽና ለምን እንዳቆምሽ ሳታፍሪ አስረጂ፤ የልምምዱን ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያም ጠይቂ።
3. በሐኪም ማስረጃ ለመሥሪያ ቤትሽ የሕክምና ፈቃድ ጠይቂ፤ ዝም ብሎ ማርፈድና ታምሞ ማርፈድ አንድ አይደለም።
4. በሩን ዛሬ ከሰባት ወደ ስድስት አውርጂው። ትንሽ ናት፣ ግን ያንቺ ናት።

መኖር የሚያስጠላሽ ወይም ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ዕለት ሰው ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ።

የአክስትሽን ልጅም አትቀየሚያት። ከዚያ ማዶ ሆና የላከችው ፍቅሯን ነው፤ ጥፋቱ ፍቅሯን በእንክብል ማድረጓ ነው። «አመሰግናለሁ፣ አሁን ሐኪም ይዞኛል» በያትና ስለ ሠርጉ አውሪያት።

ውድ እህታችን፣ ከሠርግሽ በኋላ ሌላ ደብዳቤ ጻፊልን። ስንት ጊዜ በሩን እንደጎተትሽ መቁጠር የረሳሽበትን ቀን ብትነግሪን ደስታችን ነው።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!